ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ውሃ ነው። ጠፋ፣ መጣ የሚለውን ተዉት፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እሱ አዲስ ወሬ አይደለም። የማወራው መጥቶም ጠብ ጠብ ስለሚለው ነው።

እኛ ቤት ሻወሩ ሲደክም ወዲያው የተነሳው ሐሳብ ፓምፕ ነበር። ባለቤቴ ዋጋ ሁሉ ጠይቃለች። እኔ ብር ከማውጣቴ በፊት ነገሩን መነካካት እወዳለሁ። ቆንቋና ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

መጀመሪያ የደከመው አንዱ ቧንቧ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱና እዩ። በፈረቃ ሰፈር መስመሩ ባዶ ሆኖ ይሰነብትና ውሃ ሲለቀቅ ዝገትና ደለል ጠራርጎ ይመጣል። የሚያርፈው እዚያች ወንፊት ላይ ነው። ሙቁ ብቻ ከደከመ ማሞቂያውን ጠርጥሩ።

ሁሉም ከደከመ ወደ ሮቶው ቀና በሉ። ከሮቶ ውሃ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ላይ ከተቀመጠ ያላችሁ 0.3 ባር ብቻ ነው። ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ በዚህ ግፊት ላይነሳ ይችላል። ታዲያ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ሮቶው ዝቅ ብሏል፣ አለቀ።

የእኛ ግን ሌላ ነበር። ሻወሩ ብቻውን ሲከፈት ደህና ነው። ማድ ቤት ሌላ ሰው ሲከፍት ውሃው ክር ያክላል። እንዲህ ሲሆን ግፊቱ አለ፣ መንገዱ ነው የጠበበው። ቧንቧ ሠራተኛው የድሮውን የብረት ቱቦ ቆርጦ አሳየኝ። ውስጡን ዝገት ሞልቶት እስክሪብቶ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። በፒፒአር የፕላስቲክ ቱቦ ቀየርነው። የፓምፑ ነገር በዚያው ተረሳ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ፓምፕን በቀጥታ ከመንገድ በሚመጣው የውሃ መስመር ላይ የሚገጥሙ አሉ። ፓምፑ የጎረቤትን ድርሻ ይስባል። ይባስ ብሎ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ አብሮ ሊመጥ ይችላል። ያንን ደግሞ ራሱ ባለ ፓምፑም ይጠጣዋል። የግድ ካስፈለጋችሁ ከሮቶው በኋላ ይገጠም፤ ከራሳችሁ ውሃ ይግፋ። ሮቶው ባዶ ሲሆን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ይኑረው፤ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል።