ሰውነታችንን ማን አስቆጣው?

እንደምን አመሻችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በር ላይ አንዲት እናት ያዙኝና «ዶክተር፣ አታርዝሚብኝ፤ የሚጎዳን ስቡ ነው ስኳሩ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ዛሬ የመጣሁት ለዚሁ ጥያቄ ነበር። እዚያው ቆሜ ግን መመለስ አቃተኝ።

መጀመሪያ ይህችን ጣቴን እዩልኝ። ትናንት ሽንኩርት ስከትፍ ቆረጥኳት። ቀላች፣ አበጠች፣ ጋለች፣ ሌሊቱን ስትጠዘጥዘኝ አደረች። ሮማዊው ኬልሰስ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የጻፋቸው አራቱ ምልክቶች እነዚሁ ናቸው። እኛ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን፤ ሐኪም ብግነት ይለዋል። የጣቴ ቁጣ ግን ጤነኛ ነው። ጀርሙን ያባርራል፣ ቆዳውን ይጠግናል፣ ከዚያ ይበርዳል።

የሚያሳስበን የማይበርደው ቁጣ ነው። አያብጥም፣ አይጠዘጥዝም። ውስጥ ውስጡን ለዓመታት ይጨሳል። ከልብ ሕመምና ከዓይነት 2 የስኳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ፍንጩን በደም ምርመራ እናገኘዋለን፤ ጉበት የሚሠራው ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን አለ። በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆነ እሰየው። ከ3 በላይ ከሆነ የልብ ሕመም ስጋቱ ከፍ ይላል። ከ10 ካለፈ ደግሞ ሌላ ኢንፌክሽን ይዟችሁ ሊሆን ይችላልና ቶሎ አትደንግጡ። ሲሻላችሁ ይደገም።

አሁን ወደ ሳህኑ። ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። የሰባ ዓሣ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ 3 ውሰዱ። ሰውነት ከእሱ «በቃ፣ ሥራው አልቋል» የሚሉ መልእክተኞችን ይሠራል፤ ቁጣው የሚበርደው በእነሱ እርዳታ ጭምር ነው። በተቃራኒው ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት አለ። ለእሱ ጠበቃ አልቆምም። ዴንማርክ በ2003 በሕግ ገደበችው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ከምግብ እንዲወጣ ጥሪ አቀረበ። ቅቤና ጮማ መሃል ላይ ናቸው፤ ባይበዙ ይሻላል።

አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ጋሪ ቦቻምፕ የተባለ ተመራማሪ ሲሲሊ ውስጥ ትኩስ የወይራ ዘይት ይቀምሳል። ጉሮሮውን ከረከረው። ስሜቱን ያውቀዋል፤ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመምና የብግነት ማስታገሻ በፈሳሽ መልኩ ሲቀምስ ልክ እንደዚህ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የሚከረክረውን ነገር ለይተው በ2005 አሳተሙት፤ እውነትም አይቡፕሮፌን የሚያግዳቸውን ኢንዛይሞች ያግዳል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ግን በአንድ ማንኪያ ዘይት ራስ ምታት ይለቀኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ካርቦሃይድሬትም ቢሆን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ባህሪው ይለያያል። ባቄላ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ለስላሳ መጠጥም አለው። ልዩነቱ በዋናነት ፋይበሩ ነው። ፋይበር ትንሹ አንጀት ሳይፈጨው ያልፍና ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጡለታል። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ቀለባቸው ይሄ ነው፤ በሽታ ተከላካይ ሴሎችንም ያረጋጋል። ለስላሳው ግን ፋይበር የለውም። ስኳሩ ደም ውስጥ በአንዴ ይገባል፤ በየቀኑ ከፍላጎት በላይ ሲሆን ትርፉ ወደ ስብ ይለወጣል።

ሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም። በ1993 የወጣ የአይጦች ጥናት የወፈሩት አይጦች ስብ ራሱ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የቁጣ መልእክት እንደሚያመነጭ አሳየ። በሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ስለዚህ ትርፉ ከዘይትም መጣ ከስኳር፣ መጨረሻው እዚያው ነው። ክብደት ሲቀንስ ሲአርፒም አብሮ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለመቀነስ የቱ ይቆረጥ? በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ዓመት ተከታተሏቸው። አንዱ ቡድን ስብ ቀነሰ፣ ሌላው ካርቦሃይድሬት። ሁለቱም አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ ተመክረዋል። በአማካይ የቀነሱት 5.3 እና 6 ኪሎ ነው፤ በስታቲስቲክስ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም።

በሩ ላይ የጠየቁኝ እናት የት አሉ? እማማ፣ «ስቡ ነው ስኳሩ» ላሉኝ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ የትኛው ስብ፣ የትኛው ካርቦሃይድሬት፣ ምን ያህል ብዬ መልሼ እጠይቅዎታለሁ። አሁንም አረዘምሽው ሳይሉኝ አይቀሩም። እስቲ ማይኩን ለእሳቸው አቀብሉልኝ።