ሞላ ያለውን መገጣጠሚያ አትበይዱት

(ምስል፦ ጎንደር፣ ማለዳ። ተዳፋት ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ። ሞተሩ ሲነሳ ከወለሉ ሥር «ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል።)

ይህን ድምፅ ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ነዳጅ ስትሰጡት ይፈጥናል፣ ስትለቁት ይዘገያል። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ የጭስ ማውጫውን መገጣጠሚያ ክፍተት በከፊል ይደፍነዋል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ተወው፣ ሲሞቅ ይጠፋል» ይላል። የቀነሰው ግን ድምፁ እንጂ ቀዳዳው አይደለም።

መኪናዋ የአጎቴ ናት፤ ከፒያሳ አዘዞ ሲመላለስባት ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ክረምት የጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ መንፋት ሲጀምር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ሁለቱን ጠርዞች ዙሪያውን በይደው አንድ አደረጓቸው። ሦስት ወር ያህል ጸጥ አለች። ከዚያ ቧንቧው ከብየዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ተሰነጠቀ። አጎቴ በያጁን አማረረ። እኔ ብየዳውን አይቼዋለሁ፤ የተዋጣለት ሥራ ነበር። ጥፋቱ መበየዱ ራሱ ነው። አሁን ብየዳው ተነሥቶ መገጣጠሚያው ወደ ቀድሞ አሠራሩ ተመልሷል፤ ዛሬ የሚነፋው እሱ ነው።

(ምስል፦ ከመኪናው ሥር፣ በቅርብ። ሁለት ብሎን፣ ሁለት ሞላ።)

ሞተር የተቀመጠው በጎማ ትራሶች ላይ ነው። ነዳጅ ስትሰጡት ወደ አንድ ወገን ይጋደላል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሣጥን፣ ደግሞ በጎማ ማንጠልጠያ ከመኪናው አካል ላይ ተሰቅሏል። በሁለቱ መካከል የሚተጣጠፍ ነገር ከሌለ ቧንቧው በየቀኑ ይቆለመማል። በዚህች መኪና ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው ይህ መገጣጠሚያ ነው። አሠራሩ የትከሻችንን አጥንት ይመስላል፦ አንዱ ወገን ክብ፣ ሌላው ጎድጓዳ፣ መካከላቸው ጭስ እንዳያመልጥ የሚያሽግ ወፍራም የቀለበት ጓርኒሲዮን። ሞላዎቹ ሁለቱን አጣብቀው ይይዛሉ፤ ሞተሩ ሲጋደል ግን ይሰጡለታል።

ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞላ፣ ብሎን የምንፈታበት ቡሶላ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያስረከበው እዚሁ ጎንደር፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ቃላቱ ግን እስካሁን እጃቸውን አልሰጡም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ከዚህ ክፍተት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ካለው ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ጭስ ማውጫው የሚነፋ መኪና ውስጥ ራስ ምታት ከያዛችሁ የፀሐይ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መስኮት ክፈቱና ውረዱ። ክፍተቱ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ሴንሰር በፊት ከሆነ ደግሞ ውጭ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይሳሳትና ሞተሩ ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል።

ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ብሎኖቹ ላይ የዝገት መፍቻ ዘይት ወይም ጥቂት ናፍጣ አድርጉና ይደር። ጠዋት ደልዳላ ቦታ ፈልጉ፤ ጎንደር ውስጥ ይህ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርጉ፣ በክሪክ አንሡ፣ ከዚያ መኪናውን በብረት ካቫሌቶ (ባለ እግር መደገፊያ) ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። መነጽር አድርጉ፤ የዝገት ብናኙ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚወርደው።

በዚህ መኪና ላይ የሚሠራው ባለ 14 ቡሶላ ነው። ብሎኑ እንቢ ካለ ጥቂት ወደ መፍቻው፣ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው እያመላለሳችሁ አለማምዱት። ከተሰበረም አዲስ ይገዛል።

(ምስል፦ አሮጌው ጓርኒሲዮን በመዳፍ ላይ።)

ይህችን ቀለበት ተመልከቱ። አብዛኛው ዙሪያዋ አመድማ ነው። እዚህ ጋ ብቻ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ጥቀርሻ ከውስጥ ወደ ውጭ ተስባለች። ጭሱ መንገድ ያበጀው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ጓርኒሲዮን ዳግመኛ ጭስ አትይዝም፤ አዲስ ግዙ።

ክቡን ፊት በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። በካቻቪቴ አትፋቁት። ከጨረሳችሁ በኋላ ጥፍራችሁን አሳልፉበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጭስ ያሳልፋል። ሞላዎቹን ጎን ለጎን አቁሟቸው። አንዱ ካጠረ ሁለቱንም ቀይሩ። ሲሊኮን ደግሞ እዚህ ቦታ የለውም። ሙቀቱ ያቃጥለዋል፤ ቀለበቷም በደረቅ እንድትቀመጥ የተሠራች ናት። የብሎኑን ጥርስ ሙቀት የሚችል የመዳብ ግሪስ ቀቡት። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ ይቃጠልና ብሎኑን ያጣብቀዋል።

አሁን መግጠም። መጀመሪያ ማርሚታውን በማንጠልጠያዎቹ ላይ ስቀሉት፤ ክብደቱ በብሎኖቹ ላይ አይረፍ። ቀለበቷን አስቀምጡ፣ ሁለቱን ብሎኖች በጣት አስገቡ። ከዚያ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር፣ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቀለበቷን በሰያፍ ያስቀምጣታል፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ ያበላሸሁት እንዲህ ነው። በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን።

ብሎኑ በራሱ ትከሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። እሱ ሲቆም እናንተም ቁሙ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ መታገል ብሎን ይቆርጣል። የሞላው ቀለበቶች እርስ በርስ ከተነካኩ ደግሞ መገጣጠሚያውን ከመበየድ በምንም አልተለየም።

የእናንተ መኪና ሞላ የሌለው፣ በጠፍጣፋ ስስ ጓርኒሲዮን የሚገናኝ ከሆነ ማፈራረቁ ያው ነው። ልዩነቱ፣ አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ ዳግመኛ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ለመፈተሽ ገና ሳይሞቅ ደጅ ላይ አስነሡት። አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የኋላውን ጭስ ማውጫ ለጥቂት ሰከንድ ይጫነው፤ አይወትፈው። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ርጩ፤ አረፋ ከነፋ ያመልጣል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፤ የተረፈው ዘይትና ግሪስ ነው።

(ምስል፦ የጎሃ ዳገት። መኪናዋ ጫፍ ላይ ትቆማለች፣ ሞተሩ ይጠፋል።)

አጎቴ ዳገቱን ሁሉ ጆሮውን ወደ ወለሉ ጥሎ ነው የወጣው። ሞተሩን ሲያጠፋ ከሥር «ጭ፣ ጭ» የሚል ነገር ተሰማ።

«ይኸው! ይኼስ ምንድን ነው?»

«የሚበርድ ብረት ነው፣ ጋሼ።»