«ይሄ ገንዘብ ላንቺ ነው?»

ሰላም ሰላም። ዛሬም ፖድካስቱን የምቀዳው ከመኪና ውስጥ ነው። አዎ፣ ኮሮላዋ አለች። አዎ፣ ቲኬቱም አልተከፈለም። እህቴ «ማለቴ» ስል እየቆጠረች ነው አሉ። ቁጠሪ፣ ግድ የለም።

ያ ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

እራት በልተን ወደ ቡናው ዞረናል። አጠገባችን ለተቀመጠች ፈረንጅ ሂሳብ መጣላት። ቦርሳዋ ላይ የሠራተኛ ማኅበር ባጅ ሰክታለች። የኛ ሰው ናት፣ በፖለቲካው ማለቴ ነው። አንድ በይ። ሂሳቡን አየችው፤ 20 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበታል። ቀና ብላ አስተናጋጇን «ይሄ ገንዘብ ላንቺ ነው የሚደርሰው?» አለቻት። ጮክ ብላ። ከልቧ ነው፣ ክፋት የለባትም። የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ እዚያው ካሸሯ ጋ ቆመዋል፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱባታል።

ልጅቷ ሳቀች። በእንግሊዝኛ «ኢትስ ኦኬ» አለችና ሰሃኑን አንስታ ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ከመሳቋ በፊት ወደ እትዬ ስታይ አይቻለሁ። ጓደኛዬ «ኧረ ጀበናውን ነው ያየችው» ይላል። እትዬስ? አንገታቸውን ደፍተው ደረሰኝ ይቆጥሩ ነበር። ግን እኮ ቀድመውም ሲቆጥሩ ነበር! ሰምተው ነው? ሳይሰሙ ነው? ያቺ ሳቅ ደግሞ የምን ሳቅ ናት? የሐፍረት አትመስልም። የንዴትም አትመስልም። እኔም ሬስቶራንት ስሠራ እንደዚያ እስቅ የነበረ ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ ሴትየዋ የጠየቀችው ትክክል ነው። ዲሲ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ጥያቄ ነው። በ2018 (በፈረንጆቹ ነው) ኢኒሼቲቭ 77 የሚባል፣ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥበት ሐሳብ ቀረበ፤ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛም እንደማንኛውም ሰው ሙሉ መነሻ ደሞዝ ያግኝ የሚል። ሕዝቡ አጸደቀው። እነዚያ ድሃ የሚባሉት የከተማዋ ክፍሎች፣ ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 ደግሞ ግልብጥ ብለው ነው የደገፉት። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት 8 ለ5 ሻረው። ዴሞክራቶች የሞሉበት ምክር ቤት! በ2022 ኢኒሼቲቭ 82 ተብሎ ተመለሰ። አሁንም አለፈ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። 5 ዶላር ከ35 የነበረው የቲፕ ሠራተኛ መነሻ የሰዓት ክፍያ እየወጣ 10 ዶላር ገባ። ከዚያ በጁላይ 2025 ምክር ቤቱ እንደገና ነካካው። ሙሉ የሚለው ቀረና፣ እስከ 2034 ቀስ እያለ የሙሉው መነሻ 75 በመቶ ይደርሳል ተባለ። ሁለቴ መርጠህ ሁለቴ ሲሻርብህ… እሺ፣ ሁለተኛው መሸራረፍ ነው እንበል።

ሰርቪስ ቻርጁም የመጣው በዚህ መሀል ነው። ብዙ ቤቶች ጨመሩ። እንግዳው ቲፑ ውስጡ ያለ ይመስለዋል፣ ከዚያ ላይ አይጨምርም።

እትዬን ክፉ ናቸው እንዳትሉኝ። እሳቸውም እዚህ አገር ሰሃን አጥበው ነው የቆሙት። የዩ ስትሪት ኪራይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «የኔ ልጅ፣ ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች በርበሬ ገዝተው ያውቃሉ?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ግን ደግሞ በርበሬ ሲወደድ ለምን ከልጅቷ ላይ…

ቆይ። ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። 82 ሲመረጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረውም። ዲሲ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጥ የፈቀደው ከ2024 ጀምሮ ነው። ያውም ነዋሪ ከሆነ። ኪራዩን ሸሽቶ ከዲሲ ውጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የገባውስ? ዜግነት ቢኖረውም የሚሠራበት ከተማ ስለ ደሞዙ ሲወስን አይጠየቅም። ልጅቷ የት እንደምትኖር አላውቅም። ብቻ ስለ ደሞዟ ሲከራከር የከረመው ሰው ሁሉ፣ እሷን ራሷን የጠየቃት ቀጣሪዋ ፊት ነው።

አሁን ሴትየዋን ወቀስኳት መሰለኝ። ዝም ብላ ከፍላ ብትሄድስ? ያኔ ደግሞ «እነዚህ ተራማጆች ሰልፍ ላይ ብቻ ነው» እል ነበር። እላለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

እና ማንን ትጠይቅ? እትዬን? እኔስ ለምን አልጠይቃቸውም? በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሳይኖር። «እትዬ፣ ይሄ 20 በመቶ እንዴት ነው የሚከፋፈለው?» ቀላል ነው። አይ፣ አይቀልም። ባለፈው ሂሳቤን አልቀበልም ብለው መልሰውልኛል። የዚያን ቀን የልጅቷ 20 በመቶ ራሱ ከምን ላይ…

ኧረ ይሄን እቆርጠዋለሁ መሰለኝ። ወይም ይቆይ። እትዬ ፖድካስት አይሰሙም። የልጃቸው ልጅ ግን…