ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለሙያ የት ነው ያለው?

(በጎንደር በመድኃኒት ችርቻሮ ሥራ የተሰማራን ባለቤቶችና ባለሙያዎች ባደረግነው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ከቁጥጥር በኩል የመጣችሁ ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ የፋርማሲ መምህራን፣ ጋሼ እትዬ የምንላችሁ አንጋፋ አባሎቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አባታችን ለሰጡን ምርቃት እናመሰግናለን። ከአዘዞ ድረስ የመጣችሁ፣ በገበያ ቀን ሱቃችሁን ዘግታችሁ የተገኛችሁ፣ አዳራሹን ያለ ኪራይ የፈቀዳችሁልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰላምታውን በዚህ ላሳጥረው። ከምሳ በፊት የምንጨርሰው ከባድ ነገር አለ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በሪፖርት ያቀርቡላችኋል፤ እኔ ጫፍ ጫፉን ብቻ ልንካው። ስለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች አሰጣጥ ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ሥልጠና ሰጥተናል። በየመጋዘናችን ጥግ ተከማችቶ የኖረውን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በአንድ ላይ አሰባስበን፣ አስፈቅደን፣ ታዛቢ ባለበት አስወግደናል። የእጅ መታጠቢያው ነገርም መላ አግኝቷል። ቧንቧው እንዳለ አለ፣ ውኃው ግን በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። እናም ውኃ በጠፋ ቀን ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል እንዲያገለግል ከተቆጣጣሪዎች ጋር ተግባብተናል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በእሷ የተነሳ ነጥብ የተቀነሰበት ሰው ግን ትንሽ አይላትም። የዋጋውን ጉዳይ ብዙ አላነሣውም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ከጅምላ አከፋፋይ የምንረከብበት ዋጋ የት እንደደረሰ ደረሰኛችሁ ይናገራል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዕቃው ራሱ አይመጣም። በዚህ ሁሉ መሐል ሱቁን ከፍቶ፣ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ተነሥቶ የልጅ መድኃኒት የሰጠ አባል አለን። እኮራበታለሁ።

ወደ ዋናው ልግባ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን ያጨቃጨቀ፣ ወዳጅ ከወዳጅ ያኮራረፈ ጉዳይ አንድ ነው፤ ፈቃድ ማከራየት።

ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አናውቅም የምንለው ተቆጣጣሪ ፊት ብቻ ነው። የባለሙያው ፎቶግራፍና የሙያ ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለሙያው ግን ሌላ ከተማ ሆስፒታል ይሠራል፣ ወይም አዲስ አበባ ለአስመጪ መድኃኒት ያስተዋውቃል። ፋይል ውስጥ ያለው ውል የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው ይላል። የወሩ ኪራይ በስልክ ይገባለታል፣ ያልቃል። ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመው የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ስሙንም ዋጋውንም በቃሉ ይዟል። ተቆጣጣሪ ሲገባ «ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው» ይላል። ከመስከረም ጀምሮ የሚጠጣ ሻይ ምን ዓይነት እንደሆነ እኔ አላውቅም።

በክረምቱ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር የአባላትን ቤት እየዞርን አይተናል። አንድ ቤት ገባን፤ የማንንም ስም አልጠራም። ማቀዝቀዣው በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ጠዋትና ማታ፣ በአንድ ስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም ቦታ 5 ዲግሪ ተብሎ ተሞልቷል። ወሩ ገና አልተጋመሰም፤ ሠንጠረዡ ግን እስከ 30ኛው ቀን ሞልቷል! ከታች የኃላፊ ባለሙያው ፊርማ አለ፤ ኃላፊ ባለሙያው በዚያ ወር ጎንደርን አልረገጠም። በሩን ስንከፍተው ቴርሞሜትሩ 14 ላይ ቆሟል፤ ሌሊቱን መብራት አልነበረም። ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት እዚህ ለተቀመጣችሁት ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ክፋቱ ኢንሱሊን አቅሙን ሲያጣ ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም። በሽተኛው ይወጋዋል፤ ስኳሩ አልወርድ ይላል፤ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምርለታል። በኋላ ደህናው ኢንሱሊን ሲገኝ በተጨመረው መጠን ይወጋና ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። ከመደርደሪያው ጀርባ ያገኘነውን ልጅ «ማን ሙላው አለህ?» ስንለው «ሞልተህ ለጥፈው ተብዬ ነው» አለን። ምን ይበል? የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ሌላም ልንገራችሁ። የልጆች አሞክሳሲሊን በዱቄት እንደሚመጣ እናውቃለን። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ምልክቱ ድረስ ይጨመራል፣ ይበጠበጣል፣ ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ ይነቀነቃል፣ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆይበትም ቀን የተወሰነ ነው። አንዲት እናት ከገጠር መጥታ ብልቃጡን ገዝታ ሄደች፤ የነገራት የለም። ዱቄቱን በሻይ ማንኪያ እየዘገነች ለልጇ ሰጠችው። የነገረችን ራሷ ናት፤ «መድኃኒታችሁ ይመራል» ልትለን መጥታ። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ምክር ነበር የጎደለው። እኛን ከሸቀጥ ነጋዴ የሚለየን ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት። እሷን ካልሰጠን ቲማቲም እንሽጥ፤ ለቲማቲም ፋርማሲስት ቅጠሩ የሚለን የለም።

ሕጉ አዲስ ነው፣ ዱብ ዕዳ ነው የምትሉ አላችሁ። ከየት የመጣ አዲስ? በንጉሡ ዘመን የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ ከዚያ 661/2002፣ አሁን የምንተዳደርበት 1112/2011 መጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስሙን ቀያየረ፤ አስመጪውንና ጅምላውን ፌዴራል፣ ችርቻሮውን ክልል ይቆጣጠር ተባለ። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ መድኃኒት በባለሙያ እጅ ይታደል የሚለው ከቦታው አልተነቃነቀም። ፋርማሲውን ፋርማሲስት፣ መድኃኒት መደብሩን ከፋርማሲስት ዝቅ ባለ ደረጃ የሠለጠነው ድራጊስት እንዲመራው ደረጃ የወጣውም ለዚሁ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለቤቱ ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል፤ ባለሙያው ከወጣ ቤቱም ፈቃድ የለውም።

አሁን የባለቤቶችን ወገን ልናገር፤ እኔም ባለቤት ነኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት የሆነን ቤት አንድ ሰው ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። ሁለተኛ ባለሙያ ይቀጠር ሲባል ደመወዙን ከየት እናምጣ የሚለው ጥያቄ የእውነት ነው። የሱቅ ኪራዩ ጨምሯል፣ ግብሩ አለ፣ ዕቃው በግማሽ መጠን በእጥፍ ዋጋ ነው የሚገባው። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ «ባለሙያ አይገኝም» የሚለውን። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተባት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን! አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምረው፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈው፣ የሙያ ፈቃድ ይዘው ማራኪ ሰፈር ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ። የአንዳንዶቹ ስም በጸሐፊያችን እጅ ነው። በዚህ ዓመት ዝርዝሩን የጠየቁ አባላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተቸገርነው ባለሙያ አጥተን አይደለም፤ የፈቃድ ኪራይ ከደመወዝ ስለሚረክስ ነው።

ለወጣት ባለሙያዎቹም አንድ ነገር አለኝ፤ አንዳንዶቻችሁ ከበሩ አጠገብ ቆማችኋል፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ወንበር አለ። ወረቀታችሁን ስታከራዩ የሰጣችሁት ወረቀት ብቻ አይደለም። በዚያ ቤት ጊዜው ያለፈበት ወይም ሐሰተኛ መድኃኒት ቢገኝ፣ ሱስ የሚያስይዙት ትራማዶልና ዲያዜፓም ያለ ማዘዣ ሲሸጡ ቢያዝ፣ የሚጠየቀው በስሙ የፈረመው ነው። ትቼዋለሁ ብትሉም መልቀቂያ ካልተሰጣችሁ ስማችሁ ከዚያ ቤት አይነሣም፤ ሌላ ቤት በኃላፊነት ልመዝገብ ብትሉ በድሮው ቤት ተይዛችኋል ትባላላችሁ። መልቀቂያ አልሰጥም ብሎ ልጅ የሚያንከራትት አባል አለን፤ ኮሚቴው ሽማግሌ ልኮበት እስከ ዛሬ አልሰማም። ይኼ ነውር ነው። በአደባባይ ነውር ነው እላለሁ።

ከቁጥጥር የመጣችሁ እንግዶቻችንን ይቅርታ እየጠየቅሁ እናንተንም ልንካችሁ። ፍሬሙ መሰቀሉን ታያላችሁ፣ የመደርደሪያውን ቁመት ትለካላችሁ፤ መልካም። ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መጥታችሁ ታውቃላችሁ? ስማችሁ ከመኪናችሁ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል፤ አንዱ ቤት ስትገቡ ጎረቤቱ ስልክ መትቶ ባለሙያ ያስመጣል። ገበያ መሐል በፌስታል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እንክብል የሚቸረችረውን ፈቃድህን አሳይ የሚለው የለም። መተማ ከሱዳን ጋር የምታዋስነን የድንበር ከተማ መሆኗን ረስተን ይሆን? ሕግ አክብሮ ሁለት ባለሙያ የቀጠረው አባላችን ከጎኑ ካለው የኪራይ ወረቀት ቤትና ከፌስታሉ ጋር በአንድ ዋጋ ተወዳደር እየተባለ ነው። እሱ ሲዘጋ የቀሩት እነማን እንደሚሆኑ አስቡት።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እያየን ነው። በዚህችው ከተማ መድኃኒት ቤቶች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጡ ተጠንቶ ዓለም በሚያነበው መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪ የታማሚ ወላጅ መስሎ ገብቶ «ልጄን ተቅማጥ ይዞታል» ሲል ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ እንስጠው ወይስ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን? መልሱን የሚወስነው ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመው ሰው ማንነት ነው።

እንግዲህ የቀረበው የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ይኸው ነው። ባለሙያው በሥራ ላይ የሚገኝበት ሰዓት ከፎቶው ጋር ደንበኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ባለሙያው በሌለበት ሰዓት በማዘዣ ብቻ የሚሸጠው መደርደሪያ ይቆለፋል። ፈቃድ ማከራየቱ የተረጋገጠበት አባል በመጀመሪያ ይመከራል፤ ካልተመለሰ ይሰናበታል፤ ማኅበሩም ሱቁ ሲታሸግ አቤት አይልለትም። ከባድ ነው? አዎ። ሥራ አስፈጻሚው ውስጥም በአንድ ድምፅ አላለፈም፤ የተቃወሙት ወንድሞቻችን ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋልና ሐሳባቸውን ይናገራሉ። እነሱን አከብራቸዋለሁ፤ ተቃውመው መጥተዋል።

ያልመጡት ግን… ባለፈው ጉባኤ ይኸው ማሻሻያ ሳይቀርብ የቀረው ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ነበር። ዛሬም ባዶ ወንበር ይታየኛል። ከዚህ አዳራሽ በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ሱቅ ያላቸው አልመጡም። ልጃቸውን የላኩ አሉ፤ ኋላ የተቀመጥሽው ልጄ፣ አንቺን አልወቅስሽም፣ እንኳን መጣሽ፣ ግን ለአባትሽ ድምፅ መስጠት እንደማትችዪ ንገሪው። አንድ ወንድማችን አለ፤ አምና ሱቁ ታሽጎበት በሌሊት በሬን አንኳኳ። ጠዋት አብሬው ሄጄ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ማኅተሙ ተነሣለት። ከዚያ ወዲህ የወር መዋጮ አልከፈለም፤ ትናንት ስደውልለት አላነሣም። እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። ማኅበር የሚታወሳቸው ማኅተም ሲያዩ ብቻ ነው። ከአባላቱ ገሚሱ መዋጮ ባለመክፈሉ የጸሐፊያችንን የትራንስፖርት ወጪ እንኳ ሥራ አስፈጻሚው ከኪሱ ነው የሸፈነው። ገንዘብ ያዣችን እትዬ ዝርዝሩን ይዘው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በሻይ ሰዓት ሳትከፍሉ ብታልፉ ያዩአችኋል።

አሁን ጸሐፊያችን የተገኘውን አባል ይቁጠሩልን። ካልሞላ ሱቁ ለዚህ አዳራሽ ቅርብ የሆነ ጎረቤት ያላችሁ አሁኑኑ ደውሉላቸው፤ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፣ እስከዚያው ሪፖርቱ ይቀርባል። ከሞላ ግን ሪፖርቱን ለከሰዓት አስተላልፈን በቀጥታ ወደ ማሻሻያው እንገባለን። ሰነዱ በእጃችሁ ነው፤ ገጽ 3፣ ስለ አባልነት ግዴታ የሚለውን ግለጡ። የመጀመሪያውን ዕድል የምሰጠው ለተቃወሙት ነው።