ጅማ የባሕር ዳርቻ አይደለችም
(ለትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርዕይ መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ አካም ጅርቱ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የመክፈቻ ንግግር፣ አምስት ደቂቃ» ይላል። የፊዚክስ አስተማሪ ማይክ አስይዞ አምስት ደቂቃ ብሎ ነገር የለም፤ መቼም ታውቁኛላችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው፦ 101.3 ኪሎ ፓስካል። ተማሪዎቻችን ከእንቅልፍ ቀስቅሰን «የአየር ግፊት ስንት ነው?» ብንላቸው የሚመልሱት ይህንን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን የባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ከአምስት እጅ አንዱ የለም ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አለ። ልንገራችሁ።

አንድ ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው 9 ሜትር ላይ ተገኘ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ደብተሩን ገልጦ 101.3ን ለ9.8፣ ማለትም አንድ ሜትር ውሃ ለሚፈጥረው ግፊት በኪሎ ፓስካል፣ አካፈለና «ዲናሞ ከላይ ሆኖ እስከ 10.3 ሜትር ይስባል» አለ። አባትየው ደስ ብሎት ዲናሞ ገዛ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጠው አስነሱት፤ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ውሃ ግን የለም። ሻጩ ተሰደበ። ጎማው ተቀየረ። ታች ያለው ቫልቭ ተቀየረ። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጋጠሚያውን ሁሉ በቴፕ ጠቀለለ። አሁንም ጩኸት ብቻ። እናትየው «ጉድጓዱን ዓይን በልቶት ይሆናል» እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ዲናሞ ውሃን አይጎትትም፤ ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ከዚያ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። የጅማ አየር ደግሞ 82ን ለ9.8 ስታካፍሉት ውሃን 8.4 ሜትር ብቻ ነው የሚያነሳው፤ እሱም በወረቀት ላይ፤ በተግባር 7 ሜትር ከሆነ ተመስገን ነው። ዲናሞውን በገመድ አስረው 3 ሜትር ወደ ታች ሲያወርዱት ውሃው መጣ። ልጁ ምን አለኝ? «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ግን 10.3 ብዬ ነው የምመልሰው አይደል?»

ባልደረቦቼ፣ ይህ ልጅ ማካፈል አላቃተውም! ፎርሙላውም አልጠፋውም! ጅማ ላይ ቆሞ የባሕር ዳርቻ አየር ሲያስሸመድደው የከረመ አስተማሪ ነው ያለው! ጥቁር ሰሌዳ ላይ 101.3 ጽፎ «የት?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ቁጥር እንጂ ፊዚክስ አላስተማረም!

ሌላው ስለ ሮቶ ነው፤ አጭር ነው። ሻወሩ ደከመ ብላችሁ ባለ 1,000 ሊትሩን በባለ 5,000 የምትቀይሩ ወላጆች፣ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ግፊት የውሃው እፍግታ፣ የስበትና የቁመት ብዜት ነው፤ ስፋት የለበትም። ውሃው ከሻወሩ 6 ሜትር ከፍ ካለ 59 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፣ ሮቶው ቢሰፋም ቢጠብም። የሮቶውን ማቆሚያ አስረዝሙት። ቁመቱም የሚለካው ከውሃው ገጽ ነው እንጂ ከሮቶው ክዳን አይደለም፤ ይህን ለፈተናም ያዙት።

በ1648 እ.ኤ.አ. የግፊት መለኪያው በስሙ የተጠራው የሳይንቲስቱ የፓስካል እህት ባል የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ወጣ፤ ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ። እኛም የጅሬን ኮረብታ አለን። ወደ ላይ ሲወጣ የአየር ግፊቱ በየ100 ሜትሩ 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይቀንሳል፤ አንዳንድ ስልኮች ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ፣ አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተማሪዎቹን ይዤ ከከተማው እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እየለካን እንወጣለን። እንዲህ ያለ ስልክ ያላችሁ ወላጆች እጃችሁን አውጡልኝ፤ ጸሐፊዋ ስማችሁን ትመዝግብ።

አመሰግናለሁ።