ይህ ልጅ ምን ደርሶበት ነው?
ስለ ሮክና ሄቪ ሜታል ሙዚቃ ጥናት በጅማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ዓመታዊ የጥናት ማቅረቢያ ምሽት የመክፈቻውን ንግግር እኔ እንዳደርግ ስለፈቀዳችሁ፣ ርዕሱንም ለእኔ ስለተዋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ጉዳዩን ከእኔ ጋር ስትከታተሉት ስለቆያችሁ ዛሬ ምን ልናገር እንደመጣሁ ታውቃላችሁ። የሮክንና ከእሱ የወጣውን፣ ከባድ የጊታር ድምፅ ያለውን የሄቪ ሜታል ሙዚቃን፣ በተለይም በከተማችን ይህንን ሙዚቃ እያደመጡ ያደጉ ሰዎችን ሕይወት ለማጥናት ያቀረብኩት የጥናት ንድፍ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። በመጀመሪያው ጊዜ ስለ ዘዴው፣ ስለ በጀቱና ስለ ጊዜ ሰሌዳው አስተያየት ተሰጥቶኝ ሁሉንም አስተካክያለሁ። ሁለተኛው መልስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፦ «ርዕሱ ከባህላችን ጋር የሚገናኝ ሆኖ አልተገኘም።» ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤታችን ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያኔ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከርሞ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ሦስት ካሴቶች ሰጠው። ሦስቱም ከሌላ ካሴት የተቀዱ ስለነበሩ የዘፋኝም የዘፈንም ስም አልነበረባቸውም፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፎባቸው ነበር። ቴፓችን የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ወንድሜ በጥርሱ ነክሶ፣ ካልሆነም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ትንሽ ነፍስ ይዘራበታል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ወንድሜ የሚጠብቀው ያንን ሰዓት ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሁለተኛውን ካሴት ያስገባና ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ካሴቱ ራሱ የሚጀምረው በዝናብ ድምፅና ከሩቅ በሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ደወል ስለነበረ፣ የደጁን ዝናብ ከካሴቱ ዝናብ ለመለየት እቸገር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደጁ ዝናብ በድንገት አባራ፤ ካሴቱ ግን ቀጠለ። ጊታሩ እየከበደ፣ ዘፋኙም እየጮኸ ሄደ። እናቴ ጓዳ ቡና እየቆላች ነበርና ምጣዱን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወንድሜን ልትቆጣው ነው ብዬ ጥግ ያዝኩ። እሷ ግን ዝም ብላ አዳመጠች፤ ቡናው እስኪያር ድረስ አዳመጠች። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ይህ ልጅ ምን ደርሶበት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ወንድሜ ግጥሙን በቅጡ ስለማይሰማው መልስ አልነበረውም። «ሰው ሞቶበት ይሆን?» ብላ ደገመች። እናቴ በሰፈራችን ልቅሶ ሲሆን ሙሾ የምታወርድ ሴት ነበረች፤ ጩኸት ስትሰማ መጀመሪያ የሚመጣላት ጥያቄ ማን ተጎዳ የሚል ነው።

እናቴ ጠይቃ ተመለሰች፤ ሰፈሩ ግን ሳይጠይቅ ፈረደ። ጸጉሩን ማሳደጉና ከሰው መነጠሉ ከዚያ «የሰይጣን ዘፈን» ጋር ተያይዞ ተወራ። ዘመዶች ተሰብስበው መከሩ፤ ጸጉሩ ተላጨ፤ ለሰባት ቀንም ጠበል ተወሰደ። በሰባቱ ቀን ውስጥ አንድ ዘመዳችን ካሴቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ከአልጋው ሥር ያለችውን የላላች ጣውላ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ካሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ተቃጠሉ፤ የካሴት ክር ሲቃጠል የሚወጣውን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንድሜ ሲመለስ ቦታውን ማን እንዳሳየ አልጠየቀም። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ይህንን እንድናገር የፈቀደልኝም እሱ ነው።

የሁለተኛውን ካሴት ማንነት ያወቅሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር፣ ዝናቡንና ደወሉን እንደገና በሰማሁ ጊዜ ነው። የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን የካቲት ውስጥ፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970፣ ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነበር። ቡድኑ የተወለደው በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የላሜራ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ ክር የሚጫንበት እጁ ያ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃው፣ እጁ በእሳት ተጎድቶ በሁለት ጣት ጊታር ይጫወት የነበረውን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። አዮሚ የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ ሠራ፤ ጫፉንም በአሮጌ ጃኬት ቆዳ ለበጠው። ጣቱን እንዳያመው ቀጫጭን ክር መረጠ፤ ቆይቶም የጊታሩን ቅኝት ዝቅ በማድረግ ክሩን አላላው። ዛሬ ዓለም ሄቪ ሜታል ብሎ ከሚጠራው ከባድ ድምፅ ውስጥ የዚያ የቆሰለ እጅ ድርሻ አለበት።

እናቴ «ምን ደርሶበት ነው?» ብላ ነበር። ደርሶበታል! መልሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ያደረሰኝም እሷ ቡናዋን አሳርራ የጠየቀችው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም የትምህርት መስክ ሆኗል። በቺካጎ የዴፖል ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህርት ዲና ዋይንስታይን ስለ ሄቪ ሜታል የጻፉትን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1991 ነው። ያኔ ሙዚቃው የቆመበትን ቦታ ልብ በሉ፦ በ1985 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስለ ሮክ ግጥሞች ምርመራ ተካሂዷል፤ በ1990 ደግሞ ጁዳስ ፕሪስት የተባለው ቡድን በሙዚቃው ውስጥ የተደበቀ መልእክት ሁለት ወጣቶችን ለሞት ገፋፍቷል በሚል ኔቫዳ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ ክሱ ውድቅ ሆኖለታል። በ1993 ሮበርት ዋልሰር የተባሉት የሙዚቃ ተመራማሪ የሜታል ጊታሪስቶች ከጥንቶቹ የአውሮፓ ሙዚቃ ደራሲዎች ከባኽና ከቪቫልዲ ምን እንደተማሩ በኖታ እያስቀመጡ አሳዩ። በ2008 ኦስትሪያ ዛልትስቡርግ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላ የተመራማሪዎች ማኅበርና የራሱ የጥናት መጽሔት ተቋቋመለት። በ2016 ኤድዋርድ ባንችስ ስለ አፍሪካ ሜታል ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የወጣው ጥናት ለእኛ ሰፈር ታሪክ ቅርብ ነው። ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆናቸው 39 የዚህ ሙዚቃ አድማጮች መጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያስታውሱ ተደረገ፤ ከዚያ ከፊሎቹ የመረጡትን ከባድ ሙዚቃ እንዲሰሙ፣ ከፊሎቹ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ሆነ። ሙዚቃውን የሰሙት ንዴታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም ጥላቻቸውና ብስጭታቸው ቀንሶ ተገኘ። ወንድሜ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አባታችንን በቀበርን ማግስት፣ ያንን ካሴት ለምን ዝናብ ጠብቆ እንደሚከፍት አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይነግረው ነበር። የጠየቀው አልነበረም።

ይህ የእኛ ሰፈር ጥፋት ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 1997 ካይሮ ውስጥ መቶ ያህል የሜታል አድማጭ ወጣቶች ሰይጣን ያመልካሉ ተብለው ታስረዋል፤ በ2003 ካዛብላንካ ላይ አሥራ አራት ወጣቶች ተፈርዶባቸው አብዛኞቹ በይግባኝ ነፃ ወጥተዋል። በሁለቱም ቦታ ከማስረጃዎቹ መካከል ካሴትና ጥቁር ካናቴራ ነበሩበት።

አሁን ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ከባህላችን ጋር የሚገናኝ ሆኖ አልተገኘም።» አልተገኘም የተባለው ማን ፈልጎት ነው? የት ተፈልጎ ነው? ባህላችን መሆኑና አለመሆኑ ጥናት ከተጠና በኋላ የሚደረስበት መደምደሚያ ነው፤ ጥናት እንዳይጠና መከልከያ ሊሆን አይችልም። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር «በሽታው የእኛ አይደለም» ብሎ ቢመልሰው ሕክምና እንለዋለን?

ደግሞስ በእርግጥ አይገናኝም? በገናችንን አስቡ። በገና ያንን የሚያንጎራጉር፣ የሚነዝር ድምፁን የሚያገኘው አውታሮቹ በሚያርፉበት ቦታ በምትገባው እንዝራ በምንላት ቁራጭ ቆዳ ነው። እንዝራዋ ብትወጣ አውታሩ ይጠራል፤ በገናው ግን በገናነቱን ያጣል። አባቶቻችን የጠራውን ድምፅ ሆን ብለው አሻከሩት፤ ምክንያቱም ሻካራው ድምፅ ለጸሎትና ለሐዘን የሚመች ሆኖ አግኝተውታል። የሮክ ጊታሪስት ዲስቶርሽን የሚለውም የጠራን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር ነው፤ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ በማስጮህ ይሠራዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። ሁለቱ ሕዝቦች ሻካራ ድምፅን ለምን ፈለጉት የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ይህንን ጥያቄ ከበገና ሀገር ሰው የተሻለ ሊጠይቀው የሚገባ ማን ነው?

አንቺ ሆዬንም አስቡት። አውሮፓውያን የሙዚቃ መምህራን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» ብለው የሰየሙት የድምፅ ርቀት አለ። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ ዘፈን፣ ያ የዝናቡና የደወሉ ዘፈን፣ የተሠራው በዚሁ ርቀት ላይ ነው። የአንቺ ሆዬን ቅኝት ከመነሻ ድምፁ እስከ አራተኛው ቁጠሩት፤ ያው ርቀት ነው! እነሱ ሰይጣን ያሉት እኛ ዘንድ እልል እየተባለ ይዘፈናል። ወንድሜን ሰይጣን ይዞታል ብሎ ጸጉሩን ያስላጨው ዘመዳችን በአንቺ ሆዬ እስክስታ የሚወርድ ሰው ነበር።

«የውጭ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በ1924 ከኢየሩሳሌም የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ያ መሣሪያ የማን ባህል ነበር? ዛሬ ሳክስፎን የሌለበትን የወርቃማውን ዘመን ዘፈን የሚያስብ አለ? ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ተማረ፣ ቦስተን ተማረ፤ ቪብራፎን የተባለውን፣ በዘንግ እየተመታ የሚጫወቱትን የብረት መሣሪያ ከቅኝታችን ጋር አጋባ። ዛሬ ስሙ ሲጠራ «የጅማ ልጅ» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። እሱ በወጣትነቱ ለአንድ ኮሚቴ «ቪብራፎን ላጥና» የሚል ማመልከቻ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ይኸው ዓረፍተ ነገር ይመለስለት ነበር። በሰው ልፋት የምንኮራው ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ነውን? ሲጀመር ማን ከጎኑ ይቁም?

ሌሎቹን ነጥቦች በአጭሩ እላለሁ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ ሮክ በአማርኛ ትልቅ መድረክ አግኝቷል፤ ቅኝቱ ከጊታሩ ጋር እንዴት እንደተስማማ የሚተነትን ተማሪ ቢወጣ ደስ ይለኛል። የሴት አድማጮች ጉዳይም ራሱን የቻለ ጥናት ነው። በከተማችን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚናገሩ አድማጮች አሉና ቃለ መጠይቁ በሚናገሩበት ቋንቋ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን የካሴቶቹ ጉዳይ ነው፤ የካሴት ክር በእርጥበት ይበላሻል፣ የጅማ እርጥበት ደግሞ አይምርም።

ንድፉን ለሦስተኛ ጊዜ የማስገባው በሚመጣው ሰኞ ነው። ርዕሱን አልቀየርኩም። የቀየርኩት ዋናውን የጥናት ጥያቄ ነው፤ በባለሙያ ቋንቋ የተጻፈውን ሰርዤ የእናቴን ቃል እንዳለ አስገብቼዋለሁ። ቤታችሁ የቀረ ካሴት ያላችሁ፣ የማንም ይሁን የምን፣ ስትወጡ በሩ ላይ ባለው መዝገብ ስማችሁን አስፍሩ፤ ቀድተን እንመልስላችኋለን። ቴፑን ወንድሜ ጠግኖታል።

አመሰግናለሁ።