ደላላው የማን ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላውራ። ወሬው ስለ ቤት ደላላ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደላላን ይሰድባል፤ ከዚያ ስልክ ይደውልለታል። ጠባሴ አካባቢ ቤት ስናፈላልግ እኛም እንደዚያው ነበርን። አሁን ግን ስድቡን ትቼዋለሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ ከተማዋ ሰፍታለች። አዲስ አበባ ጠቅልሎ ሊገባ ያሰበው ማን ነው? ውርስ ሊካፈሉ የተጣደፉት ወንድማማቾች የት ሰፈር ናቸው? ይህን የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞ ቡና አፍልተው ያስተናገዷችሁን ሰው «ኧረ ውድ ነው» ማለት ይከብዳል። ደላላ ግን ሳያፍር ይልላችኋል።

ታዲያ የማን ነው? የገዥም የሻጭም አይደለም፤ የሽያጩ ነው። ቤቱ ካልተሸጠ ባዶ እጁን ይገባል። ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን 2 በመቶ ይጠይቃል። እስከዚህ ችግር የለውም፣ እንጀራው ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ሻጭ «ለእኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ» ሲሉት ነው። ያን ጊዜ ከሻጭ ጋር እንድትነጋገሩ አይፈልግም። የእኛው ደላላ «ሴትዮዋ ዋጋ ሲነሳባቸው ይቆጣሉ፣ ለእኔ ተዉት» ይለን ነበር። ባለቤቴ አላስቻላትም። ቤቱን ለማየት ሄደን ቡና ላይ እንደተቀመጥን፣ «እማማ፣ እርስዎ እጅ የሚገባው ስንት ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም ምንም ሳይቆጡ ነገሯት። እኛ ከተጠየቅነው በብዙ ያንሳል! ደላላውን አላባረርነውም። 2 በመቶውን ወሰደ፤ ትርፉን ግን ከእማማ ጋር ተካፈልነው።

ወረቀቱን ግን ለማንም አትተዉት። በስልክ የሚላክ የካርታ ፎቶ ምንም ማለት አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው፤ ስለዚህ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ የሊዝ ዕዳስ አለበት ወይ፣ ጠይቁ። ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፋይሉ ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን አረጋግጡ። የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ።

«ሌላ ገዥ አለ፣ ቶሎ ቀብድ ጣሉ» ሲላችሁም ረጋ በሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀላል ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ የደብረ ብርሃን ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀትር ፀሐይ ነው። እናንተ ማታ ተመለሱ። በኅዳር ውርጭ በመስኮቱ ስር ምን እንደሚገባ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ደግሞ ጎረቤት ጠይቁ፤ ደላላውማ «ሁሌም አለ» ነው የሚለው።

ኮሚሽኑን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ግማሹን ውል ስትፈራረሙ፣ ቀሪውን ስሙ ወደ እናንተ ሲዞር ክፈሉ። የስም ዝውውሩ ቀን ከእናንተ ቀድሞ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ታገኙታላችሁ።